ማንም ያልሞተበት መጽሔት

ነፃነት ሲገባ እንደ ማንኛውም የአስመራ ሰው መንገድ ወጥቼ ጨፈርኩ። ብዙ ቀን ጨፍሬ፣ ድምፄ ተዘግቶ፣ እግሬ አብጦ ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ የማስተምረው ትምህርት አልነበረም። የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ማንም አላባረረኝም። ርዕሰ መምህሩ እንዲያውም ከልባቸው አዝነውልኝ «ክፍት ቦታ ያለው ስፖርት ላይ ብቻ ነው» አሉኝ። እኔ በዕድሜዬ ለአውቶቡስ እንኳ ሮጬ አላውቅም፤ ካመለጠኝ ፌርማታው ላይ ቆሜ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለችውን ሴት ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥለው ኳስ ሜዳ አወጧት።

መጽሔቱ የተወለደው ከዚያ ፊሽካ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ልጆች ሳስሮጥ ውዬ፣ ከሥራ ስወጣ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ውስጥ ካለች ጠባብ ቡና ቤት ገብቼ ሻሂ እጠጣ ነበር። እዚያ ከእኔ የባሱ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ከስልክ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ወሬ ሲያገናኙ ኖረው፣ አሁን ተራው የእኔ ነው ብለው ልቦለድ መጻፍ ጀምረዋል። ሌላው የማይ ተመናይ ሰፈር ሰው ነው፤ ቀን መድኃኒት ቤት ይሠራል፣ ሲወጣ ግጥም ይጽፋል። ሦስታችንም ስንከራከር በትግርኛ ነው፤ ስንሰዳደብም በትግርኛ፣ ስንታረቅም በትግርኛ። እስክሪብቶ ስንይዝ ግን እጃችን የለመደው አማርኛ ነበር። እኔና ገጣሚው በእሱ ተቆንጥጠን የተማርን ነን፤ ሽማግሌው ደግሞ ሥራ ላይ ለምደውታል።

የቡና ቤቱ ባለቤት ሻሂውን ባስቀመጠ ቁጥር «ቋንቋው ሻንጣውን ይዞ ሄደ፣ እናንተ ፌርማታው ላይ ቀራችሁ» እያለ ይስቅብን ነበር። እኛም አብረን እንስቃለን፤ ምን እናድርግ? ለማንኛውም «የአስመራ ሰው የአስመራን ነገር የሚጽፍበት» መጽሔት እናውጣ ተባባልን። ስሙን የማልጠራው ለመሰወር ብዬ አይደለም፤ መስማማት ስላቃተን በየእትሙ ይቀየር ነበር። አንባቢዎቻችን ተቸግረው «እቲ ወረቐት» ይሉት ጀመር፤ ያ ወረቀት ማለት ነው። በመጨረሻ እኛም እንደዚያው አልነው።

ማተሚያ ቤት የሚያስገባን ሰው አልነበረም። ያለን አንድ የሰበካ ጽሕፈት ቤት ማባዣ ማሽን ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ማስታወቂያ ተባዝቶ ካለቀ፣ እጀታውን እያዞርን ሠላሳ አምስት ቅጂ እናወጣለን። ለማባዣው ስቴንስል ያስፈልጋል። ስቴንስል በሰም የተለበጠ ስስ ወረቀት ነው፤ የጽሕፈት መኪናው ፊደል ሰሙን ይበሳዋል፣ ቀለሙ በቀዳዳው ያልፋል። አንዴ የተበሳ ተበሳ ነው። ከተማው ውስጥ ስቴንስል እንደ ስኳር ጠፍቶ ስለነበር እንደገና መጻፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ የመጽሔቱ የመጨረሻ ሥልጣን የእኛ ሳይሆን የታይፒስቷ ነበር፤ ይህን ግን የተረዳነው ከረፈደ በኋላ ነው።

ታይፒስቷ ማይ ጭሆት ሰፈር ነው ቤቷ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እኔን በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ጸሐፊ ሆና ትሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሲፈርስ ጠረጴዛውንም ወንበሩንም ሰው ሲሻማ፣ የአማርኛ ፊደል ያለውን የጽሕፈት መኪና የጠየቀ አልነበረም። እሷ ታክሲ ውስጥ ታቅፋ ቤቷ ወሰደችው። ጣቶቿ እንዴት እንደሚፈጥኑ ያላየ አያምንም፤ እያወራች፣ እየሳቀች፣ በመስኮት ጎረቤት ሰላም እያለች ትተይባለች።

ታናሽ ወንድሟ ከብዙ ዓመት በፊት ለትግሉ ወደ ሜዳ የወጣ ታጋይ ነበር። ታጋዮቹ ከተማ ሲገቡ ፎቶግራፉን ይዛ መንገድ ዳር ቆመች፤ በየመኪናው ላይ ያለውን ፊት ሁሉ አየች። እሱ አልመጣም። ሞቷል ያላትም የለም። አንዱ «ሳሕል አይቼው ነበር» ይላታል፤ ሌላው «ወደ ደንከል በኩል ተመድቦ ይሆናል» ይላታል። እሷም ትጠብቃለች። በዚያን ጊዜ እንዲህ በር በሩን የሚያይ ቤት በየሰፈሩ ነበር። ይህን ሁላችንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናውቃለን፤ ያላወቅነው ነገሩ መጽሔታችንን ምን እንደሚያደርገው ነበር።

በመጀመሪያው እትም የሽማግሌው ልቦለድ ወጣ። ታሪኩ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ አንዲት ልጁን ሲድር፣ የሰርግ ቀሚሷን በገዛ እጁ ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ልቡ ቆሞ ይሞታል። ሽማግሌው ይህን ሞት አሥራ አራት ገጽ ሙሉ አዘጋጅተውታል። ገጽ ሦስት ላይ ያስሉታል፤ ገጽ ስምንት ላይ ደረቱን ያስይዙታል፤ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የንስሐ አባቱን ያስጠሩለታል። መጽሔቱ ተባዝቶ ቡና ቤቱ ሲደርስ መነጽራቸውን ጠርገው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። ልብስ ሰፊው ራሱን ስቶ ወደቀ፤ የሎሚ ውኃ ሰጡት፤ ነቃ፤ ጥብስ በላ።

«ጥብስ!» አሉ ሽማግሌው። «አሥራ አራት ገጽ ሙሉ እያሳልኩ ያመጣሁትን ሰውዬ ጥብስ አበላችው!»

ገጣሚው ሳቀ፤ ቸኩሎ ነበር የሳቀው። ገጽ ሲገለጥ የእሱ ግጥም መጣ። እሱ የጻፈው በመቃብር ስላረፈች ፍቅረኛ ነው። ታይፒስቷ ልጅቱን ከመቃብር አውጥታ ምጽዋ ባሕር ዳር አስቀምጣታለች፤ የግጥሙን ቤት እንኳ አልሳተችም። የማይ ተመናይ ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒት ቤት እየገቡ «ለዕረፍት ምጽዋ ለወረደች ልጅ ይህ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው? አውቶቡስ ተሳፍረህ አትሄድም?» ይሉት ጀመር።

በዚያው እትም የኋላ ሽፋን ላይ ሌላም ያልጻፍነው ነገር ነበር። ቅጂዎቹ የት የት እንደሚደርሱ ዝርዝር እናወጣ ነበር፤ ሰው ከየት ተውሶ እንደሚያነብ እንዲያውቅ። ሦስት ቅጂ ለማይ ተመናይ ፀጉር አስተካካይ፣ አራት እዳጋ ሓሙስ ለቡና ቤቱ፣ ሁለት ለማይ ጭሆት ዳቦ ቤት፣ እያለ ይወርዳል። ከመጨረሻው መስመር ቀጥሎ ታይፒስቷ ከራሷ ጨምራለች፤ «አንድ ቅጂ ለወንድሜ።» ሽማግሌውም ሽፋኑን አይተው ጥብሱን ለጊዜው ረሱት።

ለጊዜው ነው ያልኩት። ሽማግሌው ሰው ካልገደሉ ድርሰት የጻፉ የማይመስላቸው ሰው ነበሩ። በሁለተኛው እትም ብልጠት አመጡ፤ ሰውየውን መጨረሻ ላይ ቢገድሉት ስለምታድነው በመጀመሪያው መስመር ገደሉት። እሷ ከሁለተኛው መስመር ጀመረች። በታሪኩ ውስጥ ሰው ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቆ ያለቅሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ለምን እንደሚለቀስ ግን እስከ መጨረሻው አይታወቅም። ገጣሚው ሰው እንዳይነካ ብሎ ስለ አንድ ውሻ ጻፈ፤ ውሻውን የጭነት መኪና ይገጨዋል። መጽሔቱ ሲወጣ ሹፌሩ ፍሬኖ ይዟል፤ ውሻው ጅራቱን እየቆላ ተሻግሯል።

ችግሩ፣ ሰዉ ወደደው። የማይ ተመናዩ ፀጉር አስተካካይ «ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ጋዜጣ ሲያነብ ይተክዛል፤ የእናንተን ሲያነብ ይስቃል» ብሎ ተጨማሪ ቅጂ ጠየቀን። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ልብ አያደክምም» አለች። በዚያን ሰሞን ብዙ ቤት ሐዘንተኛ ነበር፤ የቀረው ደግሞ ሐዘንተኛ ይሁን አይሁን አያውቅም። ማንም የማይሞትበት ወረቀት በነፃ ሲመጣለት ለምን ይጠላል? ሽማግሌው ግን በሰው ሥራ በመመስገናቸው ፊታቸው ተኮሳተረ። መንገድ ላይ አስቁመው «ያ ልብስ ሰፊ ጥብሱን ሲበላ ደስ አለን» ሲሏቸው «የቐንየለይ» ይላሉ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚያመሰግኑት።

በሦስተኛው እትም ተራው የእኔ ነበር፤ እዚህ ላይ ሳቁ ቀነሰብኝ። የጻፍኩት ስለ አባቴ ነው። አባቴ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ታሞ ሞቷል። የአውቶቡስ ጋራዥ ሠራተኛ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ ሊገዛ ይወጣል፤ መደብሩ ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። መንገድ ላይ ሰላም ሳይለው የሚያልፈው ሰው የለም። እናቴ ሻሂ አፍልታ፣ ቀዝቅዞባት፣ እንደገና ታሞቃለች። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ የሞተበትን ጠዋት ጻፍኩ፤ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እውነተኛዋ እሷ ነበረች፤ ትነካብኛለች ብዬ ደግሞ ቀድሜ ፈራሁ።

እናም የእጅ ጽሑፌን ይዤ ማይ ጭሆት ሄድኩ። ከመቀመጤ በፊት ጀመርኩ።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ስሚኝ። የሽማግሌውን እንደፈለግሽ አድርጊ። ልብስ ሰፊውን ከፈለግሽ ድገሚና ዳሪው። የእኔን ግን እንዳለ ነው የምትጽፊው። አባቴ ሞቷል። ቀብረነዋል። አንቺም ለቅሶ መጥተሻል።»

«እወ፣ መጥቻለሁ» አለች።

«ታዲያ?»

«አንቺ ቀብረሻል። እኔ አልቀበርኩም።» ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ። «እነዚህ የለመዱትን ነው የሚጽፉት። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ‹በቁጥር ይህን ያህል ስለተጻፈው ደብዳቤ› የሚለውን ዐይኔን ጨፍኜ እጽፍ ነበር፤ አሁንም አንዳንዴ ሳላስበው እጽፈዋለሁ። ያን ቃል አንድ ጊዜ ካስለመድኳቸው ነገ ሳላዛቸው ይጽፉታል። ደብዳቤ ልጽፍለት ተቀምጬ ቢጽፉብኝስ?»

ሰው እንዲህ ሲባል ዝም ማለት ነበረበት። እኔ ግን ፊሽካ የለመድኩ ሴት ነኝ። «ይህ እኮ ጥንቆላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ሴት አይደለሽም?» አልኳት። ተናዳ እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። አልተናደደችም። ከወንበሩ ተነስታ ስቴንስሉን ራሷ መኪናው ላይ አጠለቀችልኝና «በይ፣ አንቺ ጻፊው። እኔ ሻሂ ላፍላ» ብላ ወጣች።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ያ መኪና ዋናውን ፊደል በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ ነው የሚመታው፤ እጅ ካላወቀው የፊደሉ እግር አንድ ቦታ፣ ራሱ ሌላ ቦታ ይወድቃል። በሁለት ጣት እየለቀምኩ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስቴንስል ተቀደደ። ሁለተኛው ላይ አባቴ ጋራዥ መግባቱ ቀርቶ እግር የሌላቸው ፊደሎች ተንሳፈፉ። ሦስተኛው ላይ እንደምንም ሁለት መስመር ሄድኩ። ሻሂውን ይዛ ስትመለስ ከኋላዬ ቆመች። የወንድሟ ፎቶግራፍ ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ነበር፤ አፍሮ ጠጉሩን ከፍ አድርጎ ያበጠረ፣ ሊስቅ ሲል የተነሳ ልጅ ነው። እሱም እሷም እያዩኝ ያቺን ዓረፍተ ነገር መምታት አልቻልኩም። የእጅ ጽሑፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ሻሂውን ጠጥቼ፣ ሦስት ስቴንስል አበላሽቼ ወጣሁ። ለሽማግሌው ስነግራቸው ስለ ስቴንስሉ ጮኹብኝ፤ ስለ ሌላው አልጠየቁኝም።

መጽሔቱ ወጣ። የእኔ ጽሑፍ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር በስተቀር እንዳለ ነበር። የሞተበት ጠዋት ቅዳሜ ሆኗል። መጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «አባቴ ጋዜጣ ሊገዛ ወጣ። ይዘገያል፤ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም።»

ተናደድኩ። ከንዴቱ በታች ሌላ ነገር ነበር፤ አሁን ስላረጀሁ ልናገረው፤ ቅናት ነው። ያቺ መስመር እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ትሻል ነበር።

እናቴ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ጎረቤት ቀድማ አንብባላታለች። ከኳስ ሜዳ አቧራ ለብሼ ቤት ስገባ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

«እወ፣ እሱ ነው» አለችኝ ዐይኗን እየጠረገች። «ሁልጊዜ ይዘገያል እኮ። ይህቺ የምትተይብላችሁ ሴት ከየት አወቀችው?»

እኔ ነኝ የጻፍኩት ልላት ፈልጌ ነበር። ገላዬን ልታጠብ ብዬ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲሆን እናቴ «አባትሽ ዛሬም ሰው ይዞታል» ማለት ለመደች። እንደ ቀልድ ነው የምትለው። ሻሂ ለሁለታችን ትቀዳለች፣ ትስቃለች፣ ወሬዋን ትቀጥላለች። እኔ ግን ቂሜን አልተውኩም። አራተኛው እትም ሲዘጋጅ አንዲት መስመር ጽሑፍ አልሰጠሁም፤ እጀታ ለማዞር ብቻ እየሄድኩ በየመሀሉ እነጫነጫለሁ። የኋላ ሽፋኑ ላይ «አንድ ቅጂ ለወንድሜ» ለአራተኛ ጊዜ ወጣ። እሷም ያቺን አንድ ቅጂ አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አኖረቻት። መሳቢያዋን ስትከፍት አየሁ፤ ሁሉም ሳይገለጡ ተደርድረዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሜዳ የወደቁት ሰማዕታት ዝርዝር ለየቤተሰቡ መነገር ሲጀምር ከተማው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሰዎች ወረቀት ይዘው በየሰፈሩ ይሄዳሉ፤ በር ሲያንኳኩ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ያያል። አንድ ረፋድ ላይ ማይ ጭሆት ደረሱ። እኔ ዜናውን የሰማሁት ልጆች ሳስሮጥ ነው፤ ፊሽካውን ነፍቼ አስቆምኳቸውና ለምን እንዳስቆምኳቸው ሳልነግራቸው ሄድኩ።

ድንኳን ተተክሏል። ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ደርሰው ከሰው ሁሉ በላይ ያለቅሳሉ። የጻፉት ሞት ሁሉ እዚያ አልጠቀማቸውም፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት። ታይፒስቷ ጥቁር ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ክንዳቸውን ያዘችና «ኣቦይ፣ ኣጆኹም፣ አይዞዎት፤ እርስዎ እንኳ ለምደውት የለ እንዴ?» አለቻቸው። ሽማግሌው በለቅሶ መሀል ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም ባሰባቸው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጥንቆላ ያልኳትን ሳስብ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ እዚያ ውስጥ ቃሉ አልመጣልኝም።

ስለ መጽሔቱ ማንም አላነሳም። እንዴት ብለን እንጠይቃታለን? ቡና ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን ሻሂያችንን እናማስላለን። ሽማግሌው መግደል አቃታቸው። አንድ ቀን አዲስ ልቦለድ ይዘው መጡ፤ ሰርግ ላይ ተጀምሮ ሰርግ ላይ ያልቃል፤ በመሀሉ አንዲት የሰባ ዓመት አሮጊት መንታ ትወልዳለች። «ኣቦይ፣ ይህ እንኳ በዛ» አላቸው ገጣሚው። «ይብዛ» አሉ።

ከአርባው በኋላ በነበረው እሁድ ታይፒስቷ ሰው ላከችብን። ሦስታችንም ደንግጠን ሄድን። ቤቱ ተጠርጓል፤ ፎቶግራፉ ከግድግዳው ወርዶ በአዲስ ክፈፍ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ከመኪናው አጠገብ አንድ ተተይቦ ያለቀ ስቴንስል አለ። «የአምስተኛው እትም የመጀመሪያ ገጽ ይህ ይሁንልኝ» ብላ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘውት ሄደው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ርዕሱ «እርማት» ይላል።

«በአንደኛው እትም፣ በገጽ አሥራ አራት፣ ልብስ ሰፊው ጥብስ በላ የተባለው ስህተት ነው። ሞቷል። ደራሲውን ይቅርታ እንጠይቃለን።

በዚሁ እትም፣ በግጥሙ ውስጥ ያለችው ልጅ ምጽዋ አልወረደችም። በመቃብር ናት።

በሁለተኛው እትም የተለቀሰው ለሰውየው ነው። ሰውየው በመጀመሪያው መስመር ሞቶ ነበር።

ሹፌሩ ፍሬኖ አልያዘም።»

እዚህ ላይ ገጣሚው ሳቁ አመለጠው፤ እኔም ተከተልኩት፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቅ ነበር። ሽማግሌው አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ድል በእጃቸው ገብቶ ደስ አላላቸውም። «ልብስ ሰፊውን እንኳ ብትተዪልኝ» አሉ። «ይቅር፤ ይብላ።» እሷ ራሷን ነቀነቀች። «ኣይፋል፣ አይሆንም ኣቦይ። አሁን እጽፈዋለሁ» አለች። ወደ ታች ማንበባቸውን ቀጠሉ፤ በአራተኛው እትም የዳኑት ሦስት ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ ድምፃቸው ቆመ። ወረቀቱን ለእኔ አቀበሉኝ። የመጨረሻውን እኔ አነበብኩት።

«በሁሉም እትሞች፣ በኋላ ሽፋን፣ በመጨረሻው መስመር፣ ‹አንድ ቅጂ ለወንድሜ› የሚለው ‹አንድ ቅጂ ለፈላጊ› ተብሎ ይነበብ።»

መሳቢያዋን ከፍታ አራቱን ቅጂዎች አወጣች፤ አንድም አልተገለጠም። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሰጠችን፤ አራተኛውን ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ አድርሱልኝ አለች። ስትሰጠኝ እጇን ያዝኩና ያን የድንኳኑን ዕለት ያልወጣልኝን አወጣሁት፤ «ሓፍተይ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ደሓን፤ ያበላሸሻቸው ስቴንስሎች ናቸው ያሳዘኑኝ» አለች።

ከዚያ ነው የገባኝ። እርማቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና አየሁት። ሦስተኛው እትም የለም። ከሁለተኛው ወደ አራተኛው ይዘላል።

«አባቴስ?» አልኩ።

«አባትሽ ምን ሆነ?»

«እርማት ውስጥ የለም።»

የእጅ ጽሑፌን ከመሳቢያው አውጥታ መለሰችልኝ፤ በጥንቃቄ አጥፋ ነበር ያስቀመጠችው። «እናትሽ ለቅሶ ስትደርሰኝ አጠገቤ ተቀመጠችና ‹የእኔን ሰውዬ ጋዜጣ ልከሽብኝ ይኸው እስካሁን አልመጣ› አለችኝ። በዚያ ሁሉ ቀን ያረፍኩት ያኔ ነው። ያንን እንዴት አድርጌ ላርመው? አንቺ ከፈለግሽ፣ መኪናው ይኸው» አለች። ስቴንስልም አቀረበችልኝ።

መኪናውን አየሁት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሁለት ወር ለፍቼባታለሁ፤ ስንት ወር ተጣልቼላታለሁ። ስቴንስሉ በሽማግሌው ልቦለድ ላሉት የአሮጊቷ መንታዎች ይቆይ አልኳት።

አምስተኛው እትም የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ በኋላ ገጣሚው በትግርኛ መጻፍ ጀመረ፤ ሽማግሌውም ተከተሉት፤ የሰበካው ማባዣም ደከመ። እኔ በፊሽካዬ ቀጠልኩ። አምስተኛው የተባዛበት እሁድ ግን እጀታውን ያዞረችው ታይፒስቷ ናት፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም አለች፤ እኛ ወረቀቱን እየተቀበልን ብቻ ቆምን። ስንጨርስ ቀለሙ ገና ያልደረቀውን አንዱን ቅጂ ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ሻሂ አፍልታ ተቀምጣለች። መጽሔቱን ተቀብላኝ እንደምታነብ ሰው ገጹን ገለጠች፤ ዐይኗን ወደ እኔ አነሳች።

«ስለ አባትሽ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ምንም አይልም» አልኳት።

«ጽቡቕ፣ ደግ ነው፤ እንግዲያው ገና መንገድ ላይ ነው» አለችና ሻሂዬን ቀዳችልኝ።